በየት በኩል ልምጣ?

ከጥቅምት ጀምሮ ደብዳቤ ይመጣል፤
ጥያቄው አንድ ነው፦ «የትኛው ይሻላል?
የትኛው ማረፊያ ለባንስኮ ይቀርባል?»

እኔ ስቶይና ነኝ፤ አምስት ክፍል አለኝ፣
ደረጃው የሚጮኽ፣ ጣራው የሚያሰጋኝ።
አውሮፕላን አልወጣሁ እስከ ዛሬ ድረስ፤
ግን ማን የት እንደሚያርፍ፣ በስንት እንደሚደርስ
ከማእድ ቤት ሆኜ በጣቴ እቆጥራለሁ፣
እንደ ጉምሩክ ሹም ቆፍጠን ብዬ እመልሳለሁ፦

«ሶፊያ ይሻልዎታል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል፤
ከሲሚትሊ ወዲያ ተራራው ሲቀበል
መንገዱ ይጠባል፤ ሾፌሩን ቀስ በል ይበል፣ ሆዱ የማይችል።
ፕሎቭዲቭም አለ፤ በረራው ግን ጥቂት፣
በታክሲ ይሄዳል የተረፈው ከቲኬት።
ተሰሎንቄ ደግሞ፣ ጳውሎስ የጻፈላት፣
ዓሣ ለሚወድ ሰው፣ ለማይቸኩል ናት።»

«ባቡሩስ?» ይላሉ፣ በፎቶ ያዩትን፣
የልጅ መጫወቻ የሚመስል ጠባብ ሐዲዱን።
«ተዉት» እላለሁ እኔ፤ «አምስት ሰዓት መንገድ፣
በብርድ ቀን ማሞቂያው እንደ ልቡ የሚነድ።»

ስለ ላዛር ግን አልጽፍላቸውም፤
እንግዳ ሙት ያለበት መልስ አይፈልግም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ያን ባቡር የነዳው፣
የናፍጣ ሽታው ትራስ ላይ የቀረ፣ ሳሙና ያልረዳው፣
አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቀና ብሎ እየሳቀ፦
«ተራራን የዘለለ ተራራን መች ዐወቀ?»

ደግሞ ልጃችን አለች፣ ራሊትሳ፣ ብሪስቶል የምትኖር፤
በየገናው ስልክ፣ በየገናው ያው ነገር፦
«እማ፣ በየት ልምጣ?» እኔም እንደ ደንበኛ፦
«በሶፊያ፤ ሻንጣ ግን ቀንሺ፤ ኪሎው ነው ቀማኛ።»
እንዲህ ነው በኛ ቤት የፍቅር አነጋገር፤
በኪሎ፣ በደቂቃ፣ በሻንጣ ቁጥር።

አምና ታኅሣሥ ላይ ሶፊያን ጉም ዋጣት፤
አብራሪው ዞረ፣ ዞረ፣ መሬቷን ቢያጣት
ፕሎቭዲቭ አወረዳቸው። አውቶብስ ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም።
ታክሲው የጠራውን ዋጋ ልጽፈው አያምርም።
ራሊትሳ ትንሹን ካሎያንን አዝላ፣ አንዴም እየጎተተች፣
ሴፕተምቭሪ ደረሰች፤
ስሙ መስከረም ማለት ነው። በታኅሣሥ ብርድ
ሁለት ትኬት ቆረጠች ለጠባቡ ሐዲድ።
ለኔ የጻፈችልኝ አንድ መስመር ብቻ፦
«በአባባ መንገድ ነን።»

ጣቢያው ላይ ቆምኩ። ዘጠኝ ዓመት አልረገጥኩትም።
አንድ ውሻ፣ አንድ መብራት፤ ሌላ ሰው የለም።
በረዶው ወደ ጎን ይወርዳል። ሰዓቱ ያልፋል።
ክራስትዮ፣ የጣቢያው ሹም፣ «ይመጣል» ይለኛል፤ ይለኝና ያፍራል።
በመጨረሻ ከጨለማው አንድ ዐይን፣ ቢጫ፣ የሚንቀጠቀጥ፤
ፉጨቱን ዐውቀዋለሁ፣ ጉልበቴን የሚያቀልጥ።

በሩ ተከፈተ። ልጁ ቀድሞ ዘሎ፣
እንግሊዝኛውን ከኛው ቋንቋ ቀላቅሎ፦
«አያቴ፣ ሐዲዱ ተራራው ላይ ዞሮ
ባቡሩ ጅራቱን አየ!» ሳሉ ከሳቁ ጋር ታስሮ።
ራሊትሳ ከንፈሯ ጠቁሯል። ሻንጣዋም ጠፍቷል፤
በየትኛው ከተማ እንደቀረ እስካሁን ያከራክራል።
ማሞቂያው አልነደደም።
«አባባ ልክ ነበር» አላለችኝም።
ያለችው፣ «ርቦኛል።»
ባቄላ ነበረኝ፣ በሸክላ ድስት ከጠዋት ተጥዶ፤
ዝም ብለን ሄድን፤ በጫማችን ሥር ቆሎ ይመስል በረዶ።

ዛሬ ደግሞ ከአንድ ሰው፣ ከሊዮን፣ ደብዳቤ አለ፦
«እመቤት፣ ከሦስቱ የትኛው ተሻለ?»
እስክሪብቶዬን ነክሼ ቆየሁ።
«ሶፊያ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል» ብዬ ጻፍኩ እንደ ልማዴ።
«ጉም ከሆነ ግን…» አልኩና ሰረዝኩት አንዴ።
ከዚያ መልሼ ጻፍኩት፦
«ጉም ከሆነ፣ ሴፕተምቭሪ ድረስ ይምጡ።
ዳቦና ወፍራም ካልሲ ይያዙ።
በስተግራ ይቀመጡ።»